ለሕክምናው አንድ ሳጥን፣ ለምርምሩ ሌላ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። የእህቴ ልጅ 7 ዓመቱ ነው። ሲሮጥ እየወደቀ፣ ደረጃ መውጣት እያቃተው ብዙ ቦታ ተንከራተትን። በመጨረሻ አዲስ አበባ ‹ዱሼን የሚባል የጡንቻ በሽታ ነው› አሉን። መድኃኒቱም በሚሊዮን ዶላር ነው ተባልን። ከዘመድ፣ ከቅሬው (ከዕድራችን) እና ከጓደኞች 300 ሺህ ብር ያህል ሰብስበናል። አሁን ሰፈሩ ‹ለምርምር ይዋል፣ ለሌሎችም ልጆች ይትረፍ› ይላል። የልጁ ፎቶ ያለበት ፖስተር አሠርተናል። ልጁ የሚማረው ፎቅ ላይ ስለሆነ አባቱ ጠዋት ጠዋት ተሸክሞ ያወጣዋል። በእኛ አቅም ለምርምር ገንዘብ ማሰባሰብ ይቻላል? ከየት እንጀምር?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ አብሽሩ። ይቻላል። ፖስተሩን ግን ለጊዜው አይለጥፉት፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። ሐኪም አይደለሁም። እንጀራዬ ለጤና ማህበራት ገንዘብ ማሰባሰብና የተሰበሰበው ብር የት እንደገባ መከታተል ነው። ስለ ልጁ ሕክምና ከሐኪሙ ጋር የማይስማማ ነገር ከጻፍኩ፣ የእኔን ጥለው የሐኪሙን ይያዙ።

ብር የሚጠይቅ ሰው በሽታውን በሁለት ደቂቃ ማስረዳት አለበት። ቅሬው በተሰበሰበበት አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ለመሆኑ በሽታው ምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። «የጡንቻ ነው» ብለው ከተቀመጡ ነገሩ እዚያው ይቀዘቅዛል። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ። ጡንቻችን በተኮማተረ ቁጥር እንዳይጎዳ የሚጠብቀው ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሰውነት ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ከአንድ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ከሚወረስ የሰውነት መመሪያ፣ ላይ እያነበበ ነው። ጂኑ በሰው ላይ ከሚታወቁት ሁሉ ረጅሙ ሲሆን 79 ክፍሎች አሉት። ባለ 79 ገጽ ደብተር በሉት። ከመሃል ጥቂት ገጾች ተገንጥለው ሲወጡ የቀረው ሐሳብ አይገጥምም። ሰውነትም ማንበቡን ይተዋል። ፕሮቲኑ ከሌለ ጡንቻው ቀስ በቀስ ያልቃል። መጀመሪያ እግር፣ ቆይቶ ክንድ፣ በኋላ ልብና መተንፈሻ። የሚይዘው በአብዛኛው ወንዶችን ነው። ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ወንድ ሕጻናት አንዱ አብሮት ይወለዳል። ሕክምና ካላገኙ ብዙዎቹ 12 ዓመት ገደማ ላይ መራመድ ያቆማሉ።

ይህ ረዘመ ካሉ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚያዩትን ይንገሯቸው። ልጁ ከምንጣፍ ላይ ሲነሳ አስተውለውታል? መጀመሪያ በእጁም በእግሩም መሬት ይይዛል። ከዚያ ወገቡን ያነሳል። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ጭኑ ላይ እያስደገፈ በገዛ ገላው ላይ እንደ መሰላል ይወጣል። ባቱ ደግሞ ደንደን ያለ ነው። ጎረቤት «ማሻ አላህ፣ የኳስ ተጫዋች እግር!» ብሎ ሳያሞግሰው አልቀረም። ያ ውፍረት ግን ጉልበት አይደለም። በሞተው ጡንቻ ቦታ የገባ ስብና ጠባሳ አለበት። ይህን የሰማ ሽማግሌ ቤቱ ሄዶ ለልጅ ልጆቹ ያወራዋል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። 300 ሺህ ብር በዛሬው ምንዛሬ ሁለት ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በሚሊዮን የተባለው መድኃኒት የጂን ሕክምናው ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲፈቀድ የወጣለት ዋጋ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025 ደግሞ መራመድ ያቆሙ ሁለት ልጆች ከወሰዱት በኋላ ጉበታቸው ተጎድቶ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ መራመድ ለማይችሉት መስጠቱ ቆመ። በሽታውን ነቅሎ የሚጥል መድኃኒትም አይደለም። ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም። «ብር ቢኖረን ኖሮ ልጄ ይድን ነበር» የሚለው ጸጸት እህትዎ ልብ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ነው። እንዲህ ዓይነት ጸጸት ሲይዛቸው ቤታቸውን ሸጠው የሚከስሩ ሰዎች አይቻለሁ።

ታዲያ ሁለት ሺህ ዶላር ለምርምር ምን ያደርጋል? ውጭ ላለ ላብራቶሪ ብንልከው የአንድ ወር የዕቃ ግዢ አይሸፍንም። መላኩ ራሱ የባንክ ሰነድና የውጭ ምንዛሬ ጣጣ አለው። ይህን መንገድ ይተዉት።

ሌሎች ወላጆች የሠሩትን ይዩ። ፈረንሳዮቹ የጡንቻ ሕሙማን ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1987 ቴሌቶን የሚባለውን የቴሌቪዥን ማሰባሰቢያ ጀመሩ። በ1990 ከዚያው ገንዘብ ጄኔቶን የሚባል የራሳቸውን ላብራቶሪ ከፈቱ። አሜሪካ ውስጥ ፓት ፈርሎንግ የምትባል እናት ሁለት ወንዶች ልጆቿ ዱሼን እንዳለባቸው ተነገራት። በ1994 ከሌሎች ወላጆች ጋር ማህበር አቋቋመች። እነዚህ ትልልቆቹ ናቸው፤ ለእኛ ይርቁናል።

ለእኛ የሚቀርበው ሌላ ነው። ፕሮጄሪያ የሚባል ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው የሚያስረጅ በሽታ አለ። ከ4 ሚሊዮን ወሊድ አንዱን ቢያገኝ ነው፤ ዱሼን ከእሱ አንጻር የተለመደ በሽታ ነው ማለት ይቻላል። ሌስሊ ጎርደንና ስኮት በርንስ የሚባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ልጃቸው ሳም በዚህ በሽታ መያዙን ሲያውቁ የሚደገፉበት ምርምር አልነበረም ማለት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ድርጅት አቋቋሙ። ያዩት ችግር ምን ነበር? ልጆቹ በዓለም ላይ ተበታትነዋል። የት እንዳሉ፣ ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ልጆቹን ፈልጎ መመዝገብ፣ የሴል ናሙናቸውንም በአንድ ባንክ ማኖር ያዙ። በ2003 ጂኑ ተገኘ። አራት ዓመት ብቻ! በ2020 የመጀመሪያው መድኃኒት ተፈቀደ። ሳም ለዚያ አልደረሰም፤ በ2014 ነው የሞተው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ተመራማሪ ብር ከሌላ ቦታም ያገኛል። ልጆቹን ግን ፈልጎ፣ አሳምኖ፣ አስመዝግቦ ሊያቀርብለት የሚችለው ቤተሰብ ነው። የእኛ የዱሼን ልጆች በዓለም መዝገቦች ላይ የሉም፣ ወይም ለዐይን አይሞሉም። የጂን ምርመራ ውጤታቸው ተመዝግቦ የሚገኝላቸው በአብዛኛው የአውሮፓና የአሜሪካ ልጆች ናቸው።

ይህ ለምን ያሳስባል? ከአዳዲሶቹ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ለተወሰነ የጂን ስህተት ብቻ ነው። ለምሳሌ 51ኛውን ክፍል አዘልሎ የሚያስነብብ መድኃኒት አለ፤ የሚሆነው ከመቶ ልጆች ለ13ቱ ገደማ ነው። የእህትዎ ልጅ ከ13ቱ ይሁን ከ87ቱ የሚታወቀው የጂን ምርመራው በእጁ ካለ ብቻ ነው። አዲስ ሙከራ ሲጀመርም የሚጠራው የተመዘገበ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አውሮፓ ውስጥ የተመሠረተው ትሪት ኤንኤምዲ የተባለው መረብ የየአገሩን መዝገቦች የሚያገናኘው ለዚህ ነው። ሐኪሙን «ትሪት ኤንኤምዲ ላይ እንዴት እንመዘገባለን?» ብለው ስሙን ጠርተው ይጠይቁት።

እንግዲህ እንደ 300 ሺህ ብር ያለ መጠን እዚህ ጋ ወፍራም ብር ይሆናል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጁ እዚያው ደሴ ነው። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጥናት ይሠራሉ፤ ርዕስ ፍለጋ ሲንከራተቱ ነው የሚከርሙት። የሕጻናት ክፍሉን መምህር ያነጋግሩ። «በደሴና በአካባቢዋ እየወደቁ፣ መራመድ እያቃታቸው የመጡ ወንዶች ልጆች ስንት ናቸው? ምርመራውስ ስንት ዓመት ፈጀ?» የሚል ጥናት ቢሠራ ወጪው የሚከብድ አይደለም። ካርድ ማገላበጥ ነው። ከወልድያ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴ ለሚመጣ ቤተሰብ የትራንስፖርትና የምሳ ብር ነው። ሲኬ የሚባል፣ ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈስ ኤንዛይም የሚለካ የደም ምርመራ ነው፤ ዱሼን ባለባቸው ልጆች ከመደበኛው ከ10 እስከ 100 እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ሲኬያቸው ሰማይ ለነካው ልጆች የጂን ምርመራ ማድረግ ይቻላል። ናሙናው ወደ ውጭ መላኩ አይቀርም። ዋጋውን ከላብራቶሪው በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በአፍ የተነገረ ዋጋ ሲደርሱ ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ጥናት አንድ ነገር እንደሚያወጣ እገምታለሁ። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ከሚፈሱት ኤንዛይሞች አንዳንዶቹ ጉበት ሲታመም ከሚታዩት ጋር አንድ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ልጅ «የጉበት ነው» ተብሎ ሲመላለስ ይከርማል። እናንተም «ብዙ ቦታ ተንከራተትን» ብላችኋል። ያ መንከራተት ራሱ የጥናት መረጃ ነው። የሄዳችሁበትን ቀንና የተባላችሁትን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ጻፉት። የምርመራ ወረቀቱን ሁሉ ቅጂ እቤታችሁ አስቀምጡ። የ2014ቱ ጦርነት በአካባቢያችሁ ሆስፒታሎችና ካርዶች ላይ ያደረሰውን እኔ ልነግርዎ አይገባም።

ጥናቱ የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማለፍ አለበት። ወላጅ ተነቦለት፣ ገብቶት መፈረም አለበት። ናሙና ለምርምር ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነም የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ የእናንተ ሳይሆን የተመራማሪው ሥራ ነው። ግን «ተደርጓል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብር የሰጠ ሰው መብት ነው።

አሁን ወደ ገንዘብ መሰብሰቢያው ሳጥን። ከሁሉ በላይ እንዲሰሙኝ የምፈልገው ይህን ነው።

ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ላይ ለአንዲት ልጅ ገንዘብ አሰባሰብን። ብዙም የማይታወቅ የደም በሽታ ነበረባት። ፖስተሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ለሕክምናዋና ለበሽታው ምርምር» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር መስሎኝ ነበር። ፋብሪካ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ባለ ባጃጁ ከቀን ገቢው ሰጠ። ልጅቷ ወደ ሕክምናው ሳትሄድ አረፈች። አካውንቱ ላይ 180 ሺህ ብር ቀረ። አባትየው «የልጄ ስም፣ የልጄ ፎቶ፤ ገንዘቡ የእኛ ነው» አለ። ከሰጡት ግማሾቹ «ለምርምር ብላችኋል፣ ለምርምር ይሂድ» አሉ። ግማሾቹ መልሱልን አሉ። ምርምሩ ደግሞ የት፣ በማን፣ ምን እንደሚጠና እኔም አላውቅም ነበር! ገንዘብ ያዡ አንድ ሳንቲም ሳይነካ ስሙ ጠፋ። ገበያ ሲወጣ ሰው ዞሮ ያየው ነበር። አንድ «ና» የሚል ፊደል ነው ይህን ሁሉ ያመጣው።

ስለዚህ ሁለት ሳጥን። ሁለት አካውንት። ሁለት ደረሰኝ። በአንዱ ላይ «ለልጁ ሕክምናና እንክብካቤ» ይጻፍ። በሌላው ላይ «በወሎ አካባቢ ለዱሼን ጥናት»። አንዱ ከሌላው አይበደር። ለአንድ ሳምንትም ቢሆን፣ «ነገ እንመልሰዋለን» ተብሎም ቢሆን። እስከ ዛሬ የሰበሰባችሁት 300 ሺህ የተሰጠው ለልጁ ተብሎ ነው። ሰፈሩ «ለምርምር ይዋል» ቢልም እያንዳንዱን ሰጪ ሳይጠይቁ አያዙሩት። ልጁ ገና ብዙ ወጪ አለበት። የፊዚዮቴራፒ፣ የልብ ክትትል፣ ሐኪሙ ካዘዘለት ስቴሮይድ፣ ቆይቶም ዊልቸር ይመጣል። እኔን ቢጠይቁኝ ምርምሩን ከዜሮ ይጀምሩ። አንድ ነገር ደግሞ ገና ዛሬ በጽሑፍ ያስቀምጡ፦ ገንዘብ ቢተርፍ፣ ወይም አላህ ያቆየውና ልጁ ባይኖር፣ የቀረው ለምን ይውላል? ለመጻፍ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን አፍ አውጥቶ መናገር አይወድም። ግን ያኔ ኮምቦልቻ ላይ አንድ መስመር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ፀብ አይመጣም ነበር።

ማህበር እናቋቁም ወይ ብለው ያስቡ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አምስት ሆናችሁ ማህበር መመሥረት ትችላላችሁ። የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። ግን ኦዲት አለ፣ ዓመታዊ ሪፖርት አለ። ለዚህ መጠን ብር አልመክርም። የተመዘገበ ማህበር ፈልጋችሁ በስሩ ሥሩ፣ ወይም ከዩኒቨርሲቲው ጋር ስምምነት ተፈራርማችሁ ለዚህ ጥናት ብቻ የሚውል ገቢ አድርጉት። በግል አካውንት ወይም በአንድ ሰው ቴሌብር ግን የሕዝብ ገንዘብ አትሰብስቡ። ፈራሚው ሦስት ሰው ይሁን፤ አንዱ ከቤተሰቡ ውጭ።

ወደ ፖስተሩ ልመለስ። «የዘር በሽታ» የሚል ቃል ካለበት ይቅደዱት። ሐኪም «የዘረመል» ሲል አንድ ነገር ነው፤ ገበያ ላይ «ዘሩ ላይ አለ» ሲባል ሌላ ነገር ነው። ዱሼን በእናት በኩል ሊተላለፍ ይችላል። ከተሸካሚ እናት የሚወለድ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ነገር ግን ሲሶ ያህሉ ልጆች ላይ ስህተቱ አዲስ የተፈጠረ ነው፤ እናትየው ምንም የለባትም። ይህን ማን ያስረዳል? ሰዉ የሚይዘው «ከእሷ ነው የመጣው» የሚለውን ብቻ ነው። ልጁ እህቶች ካሉት ነገ የሚዳሩ ናቸው። ቤተሰቡ ውስጥ ማን ተሸካሚ እንደሆነ የሚያሳይ ምርመራ ለፖስተር አይወጣም፤ ለቅሬም አይነበብም። እናትየውና ሐኪሟ ጋ ይቅር። ፎቶውም ቢሆን ሲወድቅ ወይም ሲያለቅስ የተነሳ አይሁን። ይህ ልጅ አድጎ ስልክ ይይዛል፣ ራሱን ያገኛል።

«እናድነዋለን» የሚለውንም ያውጡት።

ለምርምር መለመን ለሕክምና ከመለመን ይከብዳል፤ ይህን አልደብቅዎትም። ሕዝባችን ለታመመ ሰው ኪሱን ይገለብጣል። ለግድቡም 8100 ላይ «ኤ» ብለን ልከናል፤ ግድብ ይታያል። ምርምር ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚታየው አዳራሽ፣ ባነርና አበል ነው። ስለዚህ «ለምርምር» ብለው አይለምኑ። «አንድ ልጅ ከወልድያ መጥቶ እንዲመረመር ይህን ያህል ብር ይፈጃል» ይበሉ። «የአንድ ልጅ የጂን ምርመራ ይህን ያህል ነው፣ ቅሬያችን የሁለት ልጅ ይቻል» ይበሉ። በልጅ ቁጥር ሲሆን ሰው ይገባዋል። የቅሬው ጸሐፊ በየወሩ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ስንት ልጅ ተመረመረ ብሎ ጮክ ብሎ ያንብብ። ለቅሶ ላይ የሚወጣውን ብር በሳንቲም የሚቆጣጠር ማህበር ነው፤ ከማንኛውም ኦዲተር አይተናነስም።

ዘካን በተመለከተ ጥንቃቄ ያድርጉ። ዘካ የሚሰጥባቸው ስምንት ወገኖች በቁርኣን ተቆጥረዋል። ምርምር ከየትኛው ይገባል የሚለውን የመስጂዳችሁን ሸህ ይጠይቁ እንጂ እርስዎም እኔም አንወስንም። ሰደቃ ሰፊ ነው፤ የምርምሩ ሳጥን በሰደቃ ይሙላ። በቤተ ክርስቲያን በኩል የጽዋ ማህበራትን ያነጋግሩ። ወሎ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ሁለቱም ጋ ዘመድ ስላለው ይህ እንኳ አይቸግርዎትም።

ውጭ ያሉ ልጆቻችሁ «ጎፈንድሚ እንክፈት» ማለታቸው አይቀርም። ኢትዮጵያ ሆኖ መክፈትና ማውጣት አይቻልም፤ አገልግሎቱ ባለበት አገር የሚኖር ሰው ነው የሚከፍተው። ይክፈቱ፣ ግን እዚያም ሁለት ለየብቻ።

ቀን ከፈለጉ ጥሩ ቀን አለ። የዓለም የዱሼን ቀን ጳጉሜ 2 ነው። በፈረንጅ 7ኛው ቀን 9ኛው ወር ስለሆነ፣ የጂኑን 79 ክፍሎች ለማስታወስ ነው የተመረጠው። ለእኛ ደግሞ የዘመን መለወጫ መዳረሻ ነው፣ ሰው እጁ የሚፈታበት። እስከዚያ የጥናቱ ሐሳብ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ የመምህሩ ፊርማ አርፎበት ከደረሰላችሁ ያኔ አዲስ ፖስተር አሠሩ።

የፎቁን ነገር ሳልረሳ። ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ በተለይ መውረዱ፣ እንዲህ ያለውን ጡንቻ ይጎዳዋል። ዳይሬክተሩን ነገ ጠዋት አግኝተው ክፍሉ ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ ይጠይቁ። ልጁን ብቻ ከጓደኞቹ ነጥለው ሳይሆን ክፍሉን በሙሉ ይዘው እንዲወርዱ። እምቢ ካሉ የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ይመለሱ።